«ካስል»፦ አንድን የእንግሊዝኛ ቃል ከነሥሩ የማጥናት ዝርዝር መመሪያ፣ ለጎንደር ተማሪዎችና አስጎብኚዎች

ጎንደር ላይ አድጎ «ካስል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ተማሪው በደብተሩ ላይ «ካስል ማለት ግምብ» ብሎ ይጽፋል፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ችግሩ የሚመጣው ቃሉን ሥራ ላይ ማዋል ሲያስፈልግ ነው። በአማርኛ ግምብ ማለት በድንጋይና በኖራ ወይም በሲሚንቶ የታነጸ ማንኛውም ነገር ነው፤ የግምብ አጥር አለ፣ የግምብ ቤት አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን የጎረቤቱን የድንጋይ አጥር ካስል አይለውም። በአንጻሩ በቼዝ ገበታ ላይ ያለች ትንሽ የእንጨት ጠጠር፣ ልጆች በባሕር ዳርቻ የሚከምሩት አሸዋ፣ የመኪና ጎማ ላይ ያለ ብሎን ሳይቀር በዚሁ ስም ይጠራሉ። «ግምብ» የሚለው ትርጉም እነዚህን ሁሉ አይሸከምም።

በቀን ሃያ ቃል ከነአቻቸው መሸምደድ እንግሊዝኛ ያስተምራል ብዬ አላምንም። ለፈተና ይጠቅም ይሆናል፤ ለንግግር ግን አንድን ቃል ለጥቂት ምሽቶች ይዞ እስከ ሥሩ መቆፈር የተሻለ ነው። ቃሉ ዘመዶቹን፣ ጎረቤቶቹንና ታሪኩን ይዞ ስለሚመጣ፣ አንድ ተብሎ የተጀመረው ጥናት ሲያልቅ ሠላሳ ቃል ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በታች ዘዴውን በ«ካስል» አሳያለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ አንድ ደብተር፣ ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ ከተቻለም ኢንተርኔት ያለው ስልክ። የእንግሊዝኛ በአማርኛ መዝገበ ቃላት ካለዎት ለጊዜው ከአጠገብዎ ያርቁት። በኋላ ይፈለጋል።

አንደኛ፦ መዝገበ ቃላት ሳይከፍቱ ግምትዎን ይጻፉ

ቃሉን አሁን በሚያውቁት ልክ ይግለጹት። ምን ይመስልዎታል? ማን ይኖርበታል? ከ«ፓላስ» በምን ይለያል? ከዚያም በቃሉ ሦስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይሥሩ። ስሕተት ቢኖርበትም አይሰርዙት። ጥናቱ ሲያልቅ ከአዲሶቹ ዓረፍተ ነገሮች ጎን ስለሚቀመጥ፣ ምን እንደተለወጠ የሚያሳይዎ እርሱ ነው።

ሁለተኛ፦ ድምፁን ያስተካክሉ

ቃሉ ሲጻፍ መሐሉ ላይ «ቲ» የሚባለው ፊደል አለ፤ ሲነገር ግን አይሰማም። «ካስትል» ማለት ስሕተት ነው። በደቡብ እንግሊዝ አነጋገር «ካ» ረዘም ትላለች፤ አሜሪካዊው አጠር አድርጎና አፉን ከፈት አድርጎ ይጠራታል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱን መርጦ መጽናት ነው።

የጠፋው «ቲ» የዚህ ቃል ብቻ ጠባይ አይደለም። «ሊስን» ማለትም ማዳመጥ፣ «ዊስል» ማለትም ፉጨት፣ «ፋስን» ማለትም ማሰር፣ «ክሪስማስ» ማለትም ገና፣ ሁሉም ሲጻፉ «ቲ» አላቸው፤ ሲነገሩ የላቸውም። ድምፁ ከ«ኤስ» በኋላ፣ ከ«ኤል» ወይም ከ«ኤን» ወይም ከ«ኤም» በፊት ሲገባ ምላስ ስለሚጨናነቅ ቀስ በቀስ ተጣለ፤ ጽሕፈቱ ግን በቀድሞው መልክ ቀረ። እነዚህን አራት ቃላት ከ«ካስል» ጋር በአንድ ገጽ ላይ ጽፈው ጮክ ብለው ያንብቧቸው። አንድ ደንብ አምስት ቃል አስተካከለ ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ መዝገበ ቃላቱን ማንበብ ይልመዱ

ብዙ ሰው መዝገበ ቃላት ከፍቶ የመጀመሪያውን ትርጉም ብቻ አንብቦ ይዘጋል። በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ግን ትርጉሞቹ በምን ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ ነው። ለተማሪዎች የተዘጋጁት መዝገበ ቃላት በብዛት የሚነገረውን ትርጉም ያስቀድማሉ። ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ደግሞ ትርጉሞችን በታሪክ ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ በጽሑፍ ቀድሞ የተገኘው ይቀድማል። የዚህ መጽሐፍ ዝግጅት በ1857 ለንደን ውስጥ በአንድ የቋንቋ ማኅበር ታስቦ፣ የመጀመሪያው ክፍል በ1884፣ የመጨረሻው በ1928 ታትሟል። እንዲህ ባለ መጽሐፍ ውስጥ ቍጥር አንድ ላይ ያለው ትርጉም ዛሬ ፈጽሞ የማይሠራበት ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያውቁ አንደኛውን ትርጉም ቀድቶ መናገር ሰሚን ግራ ያጋባል።

ሁለተኛው ነገር ሰዋስው ነው። «ካስል» የሚቈጠር ስም ነው። ብቻውን፣ ያለ ምንም መነሻ፣ በነጠላ አይቆምም። አማርኛ እርግጠኛነትን በቃሉ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ «ግምብ» ያልነው «ግምቡ» ይሆናል። እንግሊዝኛ ግን ከፊት ያስቀድመዋል፤ «ኤ ካስል» ማንኛውም አንድ ግምብ፣ «ዘ ካስል» ያ የምናውቀው ግምብ። የአማርኛ ተናጋሪ አፍ ከፊት የሚቀመጠውን ስለማይጠብቅ ይዘለዋል። ከዚህ አንድ ልዩ ነገር አለ፦ ቃሉ የተጸውዖ ስም አካል ሲሆንና ስሙ ሲቀድመው «ዘ»ን አይወድም። «ዊንዘር ካስል»፣ «ኤዲንብራ ካስል» ይባላል፤ ያለ «ዘ»። «ኦቭ» በመሐል ከገባ ግን «ዘ» ይመለሳል፤ «ዘ ካስል ኦቭ ፋሲለደስ»። የእኛን ግምብ ስም በዚህ ደንብ በሁለቱም መንገድ ደጋግመው ይጥሩት።

አራተኛ፦ ትርጉሞቹን በ«አንድም» ይደርድሩ

ጎንደር የላይ ቤትና የታች ቤት ትርጓሜ አገር ናት። መምህሩ አንዱን ንባብ ይዞ «አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ» እያለ ሲያፈታታ ለሰማ ሰው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉም መደርደር አዲስ ነገር አይሆንበትም። በደብተርዎ ላይ እንዲሁ ያድርጉ፤ በእያንዳንዱ «አንድም» ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑር።

ዋናው ትርጉም በመካከለኛው ዘመን ንጉሥ ወይም መስፍን የሚኖርበትና ከጠላት የሚከላከልበት፣ ግንቡ የጠነከረ ሕንጻ ነው። ሁለቱ ነገሮች መኖራቸው ወሳኝ ነው፤ መኖሪያም ምሽግም። ወታደር ብቻ የሚሰፍርበት ምሽግ ሌላ ስም አለው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አንድም፣ ምሽግነቱ ቀርቶ ስሙና ግርማው ብቻ የቀረ የባለጸጋ መኖሪያ። በሰሜን እንግሊዝ ዮርክሻየር ያለው ካስል ሃዋርድ ግንባታው የተጀመረው በ1699 ነው፤ ማንም ሊከበብበት አስቦ አልሠራውም። ስሙ ግን ካስል ነው።

አንድም፣ የቼዝ ጠጠር። በእኛ ሰንጠረዥ «ደር» የሚባለውን፣ በገበታው ጥግ የሚቆመውን፣ ብዙ እንግሊዛውያን በቤት ጨዋታ «ካስል» ይሉታል። ቼዝ አዋቂው ግን «ሩክ» ይለዋል፤ ይህም «ሩኽ» ከሚለው የፋርስ ቃል የመጣ ነው። በውድድር ላይ «ካስል» ያለ ሰው ጀማሪ መሆኑን ይናገራል። ቃሉ ግስ ሆኖም ይሠራል፤ ንጉሡንና ሩኩን በአንድ ጊዜ አንቀሳቅሶ ንጉሡን መሸሸግ «ቱ ካስል» ነው።

አንድም፣ ቅርጹን ብቻ የወሰደ ነገር። ከአሸዋ የሚሠራው «ሳንድካስል»፣ ልጆች የሚዘሉበት በአየር የተነፋው «ባውንሲ ካስል»። የመካኒክ ልጅ ከሆኑ ደግሞ «ካስል ነት» የሚባለውን ብሎን ሳያዩት አይቀሩም፤ አናቱ ላይ እንደ ግምብ ጥርስ የተቈራረጠ ሆኖ፣ እንዳይፈታ በጥርሶቹ መሐል የሚታጠፍ ሽቦ ይገባበታል። ከፋሲለደስ ግምብ ጫፍ ላይ ያለውን ጥርስ መሰል ክፈፍ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ያየ ሰው የዚህን ብሎን ስም አይረሳውም።

አንድም፣ በንግግር ዘይቤ። «ካስልስ ኢን ዚ ኤር» በአየር ላይ የተሠሩ ግምቦች ማለት ነው፤ የማይሆን ምኞት። ፈረንሳዮች ይህንኑ «በስፔን ያሉ ግምቦች» ይሉታል፤ እንግሊዝኛም በጥንት ዘመን ይህን ተውሶ ተጠቅሞበታል። ሌላው «የእንግሊዛዊ ቤቱ ካስሉ ነው» የሚለው ሲሆን መነሻው ሕግ ነው። በ1604 ኤድዋርድ ኩክ የተባለው የሕግ ሊቅ የዘገበው አንድ ክርክር የማንኛውም ሰው ቤት ለእርሱ እንደ ካስልና እንደ ምሽግ መሆኑን ይናገራል፤ የመንግሥት ሹም ቢሆን እንኳ ቤት ሰብሮ ከመግባቱ በፊት የመጣበትን ጉዳይ ተናግሮ እንዲከፈትለት መጠየቅ አለበት የሚል ፍርድ ነው። ዛሬ ሰው ቤቱ ውስጥ እንደፈለገ ይሁን ለማለት በቀልድ ይነገራል። ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ ስለ ቤቱ እንዲህ ቢልዎ ግምብ አለው ብለው አያስቡ።

አምስተኛ፦ ሥሩን ወደ ኋላ ይከተሉ

ከጥናቱ ሁሉ ጣፋጩ ይህ ነው፤ ጊዜ ይስጡት። ቅኔ ቤት ግስ ያጠና ሰው ቃልን ወደ ሥሩ መመለስ ያውቅበታል። ልዩነቱ የግእዝ ቃል ሥሩን በውስጡ ይዞ መታየቱ ነው፤ የእንግሊዝኛ ቃል ግን ብዙ ጊዜ ስደተኛ ስለሆነ፣ ማን አመጣው፣ መቼ አመጣው፣ ከመምጣቱ በፊት የት ነበር ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዘመናዊ መዝገበ ቃላት ውስጥ በቃሉ ፍቺ መጨረሻ ላይ ስለ አመጣጡ የሚናገር አጭር ክፍል አለ። ያንን ክፍል ከታች ወደ ላይ፣ ከጥንት ወደ ዛሬ ያንብቡት።

በላቲን «ካስትሩም» የተመሸገ ስፍራ ነው። ብዙ ቁጥሩ «ካስትራ» የሮማ ጦር የሚሰፍርበት ሰፈር ማለት ነበር። ለዚህ ማሳነሻ ሲጨመርለት «ካስቴሉም» ይሆናል፤ ትንሽ ምሽግ። አሁን እነዚህ ቃላት ወደ ብሪታንያ ደሴት ስንት ጊዜ እንደተሻገሩ ይመልከቱ።

መጀመሪያ የመጣው «ካስትራ» ነው። ሮማውያን ደሴቱን ገዝተው በ410 ገደማ ለቀው ሲሄዱ የጦር ሰፈሮቻቸው ቅጥር ቀረ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ነገዶች እነዚህን ስፍራዎች «ቼስተር» ከሚለው ጋር በሚቀራረብ ስም ጠሯቸው። የእግር ኳስ ወዳጅ የሆነ የጎንደር ወጣት ይህን ቃል በየሳምንቱ ይጠራዋል፤ በማንቸስተር ውስጥ አለ፣ አጠራሩ ቢያጥርም በሌስተር ውስጥ አለ። ላንካስተርና ዶንካስተርም የእርሱ ልጆች ናቸው።

ቀጥሎ «ካስቴሉም» በቤተ ክርስቲያን በኩል ገባ፤ ትርጉሙ ግን ምሽግ አልነበረም። በኋለኛው ዘመን ላቲን ቃሉ መንደር የሚል ትርጉም ይዞ ነበር። የሆሣዕናን ወንጌል ያስታውሱ፤ ጌታ ሁለቱን ደቀ መዛሙርት «በፊታችሁ ወዳለችው መንደር ሂዱ» ያላቸውን። የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ ላይ «ካስቴሉም» ይላል። በአንድ ሺህ ዓመተ ምሕረት ገደማ የነበሩት የእንግሊዝ ተርጓሚዎችም ቃሉን እንዳለ ወስደው «ካስቴል» አሉ። በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተዘጋጀው የዊክሊፍ ትርጉም ገና «ካስቴል» ነበር የሚለው፤ በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ግን መንደር ወደሚለው ቃል ተመለሰ። በመካከል ምን እንደሆነ የሚቀጥለው ይነግረናል።

ሦስተኛው መምጫ በፈረስና በሰይፍ ነው። በፈረንሳይ ሰሜን ይኖሩ የነበሩት ኖርማኖች «ካስቴል» የሚሉት የጌታውን ምሽግ ነበር። ከታላቁ ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1051፣ የእንግሊዞች ዜና መዋዕል እንግዶቹ ሰዎች በሄርፎርድ ምድር «ካስቴል» እንደሠሩ በምሬት ይመዘግባል። በ1066 የኖርማኖቹ መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ወርሮ ድል ሲያደርግ አገሩ ሁሉ እንዲህ ባሉ ሕንጻዎች ተሞላ። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ድንጋይ እንኳ አልነበሩም፤ የአፈር ጉብታ ተከምሮ በላዩ የእንጨት ማማ ይቆማል፣ ዙሪያውን ጉድጓድና አጥር ይኖራል። ኒውካስል የተባለችው ከተማ ስሟን ያገኘችው የዊልያም የበኵር ልጅ ሮበርት በ1080 ካሠራው አዲስ ምሽግ ነው። በ1137 ሥር ያለው የዜና መዋዕሉ ጽሑፍ ደግሞ መኳንንቱ ምድሪቱን በካስል ሞሏት፣ ምስኪኑን ሕዝብ በግንባታው ሥራ አስጨነቁት፣ ከተሠራም በኋላ ክፉ ሰዎች አስገቡበት ብሎ ያለቅሳል።

እንግዲህ ዛሬ በቱሪስት ዓይን ውብና የተረት ቤት የሚመስለው ቃል፣ ለመጀመሪያዎቹ ሰሚዎቹ የባዕድ ገዢ ምልክት ነበር። የኃይለኛው ትርጉም መንደር የሚለውን የዋህ ትርጉም ቀስ በቀስ ገፍቶ አስወጣው።

አራተኛው መምጫ በጣም ዘግይቶ፣ በጨዋ ልብስ ነው። በመካከለኛው ፈረንሳይ አነጋገር «ካ» ወደ «ሻ» ስለተለወጠ ያው ቃል «ሻቶ» ሆነ፤ እንግሊዞችም ለፈረንሳይ መኳንንት መኖሪያና ለወይን ጠጅ ስም ይህን ሌላ መልኩን ተዋሱ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስተኝ ነገር አለ፦ እንግሊዝኛው «ኤስ»ን ይዞ «ቲ»ን ጣለ፤ ፈረንሳይኛው «ቲ»ን ይዞ «ኤስ»ን ጣለ። ወንድማማቾቹ ውርሱን ተካፈሉ ማለት ይቻላል። ፈረንሳዮች በጠፋው «ኤስ» ምትክ በፊደሉ አናት ላይ ትንሽ ጣሪያ ይሠራሉ።

የ«ካ» እና የ«ሻ» ልዩነት ለሌሎች ቃላትም ቁልፍ ነው። ከኖርማን በኩል የመጣው «ካትል» ከብት ሲሆን፣ ከመካከለኛው ፈረንሳይ የመጣው መንትያው «ቻትል» ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። «ካች» መያዝ፣ «ቼስ» ማሳደድ፤ እነዚህም ከአንድ ማሕፀን ናቸው። በደብተርዎ ላይ ጥንድ ጥንድ አድርገው ይጻፏቸው።

ስድስተኛ፦ ዘመድና ዘመድ መሳይን ይለዩ

ካስትሩም ወደ ሰሜን ብቻ አልሄደም። በግሪክና በአራማይክ አልፎ ወደ ዐረብኛ «ቀስር» ሆኖ እንደገባ አብዛኞቹ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። የዐረብኛው ብዙ ቁጥር ለግብጿ ሉክሶር ስም ሰጣት፤ ሮማውያን በጥንቱ መቅደስ ላይ የጦር ሰፈር አድርገው ነበርና። ዐረቦች ስፔንን ሲገዙ ቃሉን ይዘው ሄዱ፤ ስፔኖችም የነገሥታቱን ግምብ «አልካዛር» አሉት። ስፔኖች ግን ከላቲን በቀጥታ የወረሱት «ካስቲዮ» ነበራቸው፤ ካስቲያ የተባለው ግዛትም የግምቦች አገር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የደረሰ የግእዝ ተማሪ «ቅጽር» የሚለው ቃላችን ትዝ ይለዋል። ድምፁ ይቀርባል፣ ትርጉሙም ይቀርባል። ጥድፊያ ግን አያስፈልግም። ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘመድ አይሆኑም፤ ዝምድና የሚባለው ቃሉ የተጓዘበት መንገድ በጽሑፍ ሲታይ፣ የድምፅ ለውጡም በሌሎች ቃላት ላይ ሲደገም ነው። «ካ» ወደ «ሻ» መለወጡን ያመንነው በብዙ ቃላት ስለታየ ነው። እንዲህ ያለ ማስረጃ ያላገኙለትን መመሳሰል በደብተሩ ጠርዝ በእርሳስ ጽፈው ይተውት። ለጎብኚ እንደ እውነት አይንገሩ። አስጎብኚ በድምፅ መመሳሰል ብቻ የፈጠረው የቃል ታሪክ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራል፤ ለማጥፋትም ዓመታት ይፈጃል።

ሰባተኛ፦ ከጎረቤት ቃላት ጋር ያነጻጽሩ

ይህን ክፍል ቤት ተቀምጠው አይሥሩት። ደብተርዎን ይዘው ወደ ፋሲል ግቢ ይሂዱ።

ፋሲለደስ ከ1632 እስከ 1667 የነገሠ፣ ጎንደርንም በ1636 ገደማ መቀመጫው ያደረገ ንጉሥ ነው። ግምቡ አራት ማዕዘን፣ በአራቱ ጥጎች ጕልላት የደፉ ክብ ማማዎች ያሉት፣ በአናቱ ጥርስ ያለው ክፈፍ የዞረበት ነው። ለዚህ «ካስል» የሚለው ይስማማዋል፤ መኖሪያም ነው፣ የመከላከያ መልክም አለው። ያ ጥርስ ያለው ክፈፍ «ባትልመንት» ይባላል።

«ፓላስ» ሌላ ነው። መነሻው ሮም ውስጥ ያለው የፓላቲን ኮረብታ ሲሆን፣ ከአውግስጦስ ጀምሮ ቄሣሮች እዚያ ስለኖሩ የኮረብታው ስም የቤተ መንግሥት ስም ሆነ። ስለዚህ ክብርና ኑሮ እንጂ ምሽግነት የለበትም። ምንትዋብ ለኑሮዋ ያሠራችውን የቍስቋም ሕንጻ «ፓላስ» ማለት ያምራል። «ፎርት» ደግሞ ብርቱ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ወታደር የሚሰፍርበት እንጂ የንጉሥ እልፍኝ አይደለም። «ሲታደል» ትንሽ ከተማ ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የተወሰደ ሲሆን ከተማን ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ ምሽግ ነው።

ትልቁ ፈተና «ግቢ» የሚለው ነው። 900 ሜትር ያህል በሚረዝም ቅጥር የታጠረው፣ የፋሲለደስን፣ የልጁን የቀዳማዊ ዮሐንስን፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱን፣ የሣልሳዊ ዳዊትን፣ የበካፋንና የምንትዋብን ሕንጻዎች የያዘው ስፍራ ሁሉ አንድ ካስል አይደለም። በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው «ፋሲል ግቢ» በሚለው በራሱ ስም ነው። ብዙ ሰው «ኮምፓውንድ» ይለዋል። ይህ ቃል ከማሌይኛው «ካምፑንግ» መጥቷል ተብሎ ይታመናል፤ እንግሊዞች በእስያ የተዋሱት ነው። ስሕተት ባይሆንም ዛሬ እንግሊዛዊ ሲሰማው የጦር ካምፕ ወይም የኬሚስትሪ ትምህርት ሊመስለው ይችላል። «ሮያል ኢንክሎዠር» የተሻለ ነው። የእኔ ምርጫ ግን መጀመሪያ «ግቢ» ብሎ በአማርኛ መጥራት፣ ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ነው። «ሻቶ»ን ሳይተረጉሙ የሚጠሩ ሰዎች «ግቢ»ን መጥራት አያቅታቸውም።

አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቅ። ምድር ቤት ያለ ጨለማ ክፍል ሁሉ «ደንጀን» አይባልም። ቃሉ በጥንት ፈረንሳይኛ የግምቡን ዋና ማማ ነበር የሚያመለክተው፤ ሥሩም ጌታ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ከማማው አናት ወደ ምድር ቤቱ እስር ቤት ወረደ። ዛሬ «ደንጀን» ያለ ሰው ሰንሰለትና እስረኛ እያሳየ ነው። ዕቃ ቤት የነበረውን ክፍል ዕቃ ቤት ይበሉት። ዋናው ማማ «ኪፕ» ይባላል። በዙሪያው በውሃ የተሞላ ጉድጓድ ቢኖር ኖሮ «ሞት» ይባል ነበር፤ ሲጻፍና ሲሰማ ከአማርኛው ሞት ጋር መጋጨቱ የሚያስቅ ነው። የጥምቀቱን መዋኛ ግን በዚህ ስም አይጥሩት፤ ውሃው ከቀሃ ወንዝ የሚመጣው ለበዓል እንጂ ጠላት ለመመከት አይደለም።

ስምንተኛ፦ ተናግረው ይፈትኑት

አሁን ቃሉን ለሌላ ሰው ያስረዱ። ጓደኛዎ ጎብኚ ይሁን፣ እርስዎ አስጎብኚ። ጎብኚው «ካስል» ሲሰማ ፈረሰኛ፣ ጥሩርና የአውሮፓ ተረት በዓይኑ ይመጣሉ፤ ብዙ ጊዜም «አውሮፓውያን ናቸው የሠሩት?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን ያመጣው በከፊል ቃሉ ራሱ ነው። መልሱን ከቃሉ ይጀምሩ፤ ካስል የሚለው የኖርማኖች ስም ነው፣ ሕንጻው ግን ኢየሱሳውያንን ከአገር ያስወጣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ሕንጻ ነው። ከዚያ ስለ ሥነ ሕንጻው ከሕንድ፣ ከዐረብና ከአውሮፓ ስለተነሡት ተጽዕኖዎች መናገር ይቻላል፤ ጎብኚው አሁን ለመስማት ዝግጁ ነው።

ንግግሩ ሲያልቅ ሦስት አዲስ ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ፤ አንዱ ስለ ሕንጻው፣ አንዱ በዘይቤ፣ አንዱ «ካስል»ንና «ፓላስ»ን የሚያነጻጽር። ከመጀመሪያዎቹ ጎን ያኑሯቸው። ያራቁትን የእንግሊዝኛ በአማርኛ መዝገበ ቃላት አሁን ያውጡና የሰጠውን አቻ ይመርምሩ። «ግምብ» ይላል? «ምሽግ» ይላል? «ቤተ መንግሥት»? ለየትኛው ዓረፍተ ነገርዎ የትኛው እንደሚስማማ አሁን ራስዎ መፍረድ ይችላሉ።

ለሚቀጥለው ሳምንት ቃል ካጡ «ጌት»ን ይውሰዱ። ግቢው እምቢልታ በርን፣ ባልደራስ በርንና እርግብ በርን የመሳሰሉ አሥራ ሁለት በሮች ስላሉት ምሳሌ አይጠፋም። ቃሉ በር ማለት ነው ብለው ግን አይቸኩሉ፤ በሰሜን እንግሊዟ ዮርክ ከተማ «ጌት» የተባሉት ብዙዎቹ ስሞች የመንገድ ስሞች ናቸው፤ የቅጥሩ በሮች ደግሞ «ባር» ይባላሉ። ይህን ያደረጉት ቫይኪንጎች ናቸው፤ በቋንቋቸው «ጋታ» መንገድ ነበር።